የኮምፒውተር ውስጥ ዲስኮችን የሚያገናኝ የዳታ ኬብል አመራረጥ

በኮምፒውተሩ ላይ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ለመጨመር የወሰነ ሰው ስለ ዲስኩ መጠን፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ ዋስትናው ደጋግሞ ያነብባል፤ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ (ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ጋር ስለሚያገናኘው ኬብል የሚያስበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኬዙን ከፍቶ፣ ዲስኩን በብሎን አስሮ፣ በእጁ ያለው ኬብል አራት ጣት ያህል ሳይደርስ ሲቀር ነው። በዚያ ሰዓት የተገኘው ኬብል ይገዛና ይሰካል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፋይል ሲገለበጥ ኮምፒውተሩ ለአፍታ ደርቆ መቆም ይጀምራል፤ አንዳንዴም ዲስኩ ከዝርዝሩ ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ሲከፈት ይመለሳል። ጥፋቱ ሁሉ በዲስኩ ይላከካል።

ብዙ ሰው ኬብል ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው በማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን የፍጥነት ቁጥር ነው። እኔ መጨረሻ ላይ የማየው እሱን ነው። የዲስኩ ዓይነት ከታወቀ፣ የኬብሉ ርዝመት ከሚያልፍበት መንገድ ጋር ከተስማማ፣ የሁለቱ ጫፎች አቅጣጫ ከቦታቸው ጋር ከገጠመና አያያዛቸው ከጠበቀ ፍጥነቱ በአመዛኙ ራሱ ይመጣል፤ እነዚህ ከተበላሹ ግን የቁጥሩ ትልቅነት የሚያድነው ነገር የለም።

ዲስኩን መለየት

ኬብል ከመግዛትዎ በፊት ዲስኩን አገላብጠው ይመልከቱት። ዛሬ በኬብል የሚገናኙት ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስኮችና ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲዎች አብዛኞቹ ሳታ የሚባለውን ግንኙነት ይጠቀማሉ። በዲስኩ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መሰኪያዎች ካሉ፣ አጭሩ ባለ 7 ፒን ሆኖ ረጅሙ ባለ 15 ፒን ከሆነ፣ ዲስኩ ሳታ ነው። አጭሩ ዳታ የሚተላለፍበት፣ ረጅሙ ደግሞ ከፓወር ሰፕላይ ኤሌክትሪክ የሚገባበት ነው። ሁለቱም የላቲኑን ኤል ፊደል የሚመስል የፕላስቲክ ምላስ ስላላቸው ኬብሉ ተገልብጦ ሊገባ አይችልም፤ አልገባም ካለ ማዞር እንጂ መጫን አያስፈልግም። ባለ 3.5 ኢንቹና ባለ 2.5 ኢንቹ ዲስክ የሚጠቀሙት ያው አንድ ዓይነት የዳታ ኬብል ነው።

ቀጭን ማስቲካ የምትመስለው፣ ኤም.2 የምትባለው ኤስኤስዲ ግን በቀጥታ በማዘርቦርዱ ላይ ስለምትሰካ የዳታም የኤሌክትሪክም ኬብል አትፈልግም። ይህን እያወቁም ከኤም.2 ጋር አብረው የሚመጡትን ጉዳዮች የማያስተውሉ ብዙዎች ናቸው። በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ አንዱ የኤም.2 ቦታ ከአንድ ወይም ከሁለት የሳታ ፖርቶች ጋር መስመር ስለሚጋራ፣ ኤም.2 ሲሰካ እነዚያ ፖርቶች ሥራ ያቆማሉ። ኤም.2 ኤስኤስዲ በጨመሩ ማግስት ነባሩ ሃርድ ዲስክ ከጠፋብዎት አዲስ ኬብል ለመግዛት አይቸኩሉ፤ የማዘርቦርዱን መመሪያ መጽሐፍ ገልጠው የትኞቹ ፖርቶች እንደሚዘጉ ይመልከቱና የሃርድ ዲስኩን ኬብል ወደ ሌላ ፖርት ያዛውሩ።

ከሰርቨር የወጡ ያገለገሉ ዲስኮችን የሚገዙ ሰዎች ደግሞ ሳስ ከሚባለው ግንኙነት ጋር ይገናኛሉ። የሳስ ዲስክ መሰኪያ ከሳታ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ በሳታ ዲስክ ላይ በዳታውና በኤሌክትሪኩ መሰኪያ መካከል ያለው ክፍተት በሳስ ዲስክ ላይ በፕላስቲክ የተሞላና በጀርባው ተጨማሪ ፒኖችን የያዘ መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት ተራው የሳታ ኬብል በሳስ ዲስክ ላይ አይገባም። መግቢያውን የሚለውጡ አዳፕተሮች ቢኖሩም የማዘርቦርዱ የሳታ ኮንትሮለር የሳስን ቋንቋ ስለማያውቅ ዲስኩ አይነሳም፤ ለብቻው የሳስ ካርድ ያስፈልጋል። የዚህ ግልባጭ ግን ይሠራል፦ የሳታ ዲስክ ከሳስ ካርድ ጋር ያለ ችግር ይስማማል።

የፍጥነት ቁጥሩ ምን ይነግረናል?

የመጀመሪያው የሳታ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.5 ጊጋቢት ነበር፤ ቀጥሎ 3 ጊጋቢት፣ በ2009 ደግሞ 6 ጊጋቢት ደረሰ። በመስመሩ ላይ ከሚያልፉት 10 ቢቶች 8ቱ ብቻ የእኛ ዳታ ስለሆኑ፣ እነዚህ ቁጥሮች በተግባር በሰከንድ ከ150፣ ከ300 እና ከ600 ሜጋባይት የማያልፍ ማለት ናቸው። ሦስቱ ትውልዶች የተለያየ ኬብል አልተሠራላቸውም። የፒኖቹ ቁጥር፣ የጫፉ ቅርጽና የሽቦዎቹ አቀማመጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ነው፤ ስለዚህ ከዓመታት በፊት በጥንቃቄ የተሠራ ኬብል በ6 ጊጋቢት ያለ ስህተት ሊሠራ ይችላል፣ ትናንት የተሠራና በላዩ ላይ 6 ጊጋቢት ተብሎ የተጻፈበት ደካማ ኬብል ደግሞ ላይሠራ ይችላል። ጽሑፉ የአምራቹ ቃል እንጂ የኬብሉ ባሕርይ አይደለም።

በተጨማሪም ፍጥነቱ የሚፈለገው በየትኛው ዲስክ ላይ እንደሆነ ማስላት ይገባል። በሳታ የሚገናኝ ኤስኤስዲ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት አካባቢ ስለሚያነብብ የመስመሩን አቅም ሊሞላው ይቃረባል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ግን፣ ፈጣን የሚባለው ሳይቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 300 ሜጋባይት አይደርስም፤ የሲዲና የዲቪዲ ማጫወቻ ከዚያም በብዙ ያነሰ ነው። በቤት ውስጥ አንድ ጥሩና አንድ አጠራጣሪ ኬብል ካለ ጥሩው ለኤስኤስዲው ይሰጥ። አጠራጣሪውን ለዲቪዲ ማጫወቻው መስጠት ግን ብዙ ጉዳት የለውም።

ኬብሉ 6 ጊጋቢትን መሸከም ሲያቅተው ከሁለት ነገሮች አንዱ ይከሰታል። አንደኛው፣ ማዘርቦርዱና ዲስኩ ተስማምተው ወደ 3 ወይም ወደ 1.5 ጊጋቢት መውረዳቸው ነው፤ ተጠቃሚው ኮምፒውተሩ እንደዘገየ እንጂ ምክንያቱን አያውቅም። ሁለተኛው፣ ፍጥነቱ ሳይወርድ ዳታው በመንገድ እየተበላሸ ደጋግሞ መላኩ ነው። ሳታ እያንዳንዱን የዳታ እሽግ የሚፈትሽበት ሲአርሲ የሚባል የስህተት መቆጣጠሪያ ስላለው የተበላሸው ሾልኮ አያልፍም፤ ይጣልና እንደገና ይጠየቃል። ደርቆ የመቆሙ ነገር የሚመጣው ከዚህ ድግግሞሽ ነው።

ርዝመት

በደንቡ መሠረት የኬዝ ውስጥ የሳታ ኬብል ከ1 ሜትር መብለጥ የለበትም። ይህ ቁጥር ጣሪያ እንጂ ምክር አይደለም፤ በብዙ ኬዞች ውስጥ ከ30 እስከ 60 ሴንቲሜትር ያለው ኬብል ይበቃል።

ርዝመቱን በዓይን መገመት ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ምክንያቱም ኬብሉ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ በማዘርቦርዱ ጀርባ ባለው ቀዳዳ ይገባል፣ በኬዙ ግድግዳ ሥር ያልፋል፣ ከዚያም ወደ ዲስኩ ይመለሳል። ተራ የጥጥ ክር ይውሰዱና ኬብሉ እንዲያልፍ በሚፈልጉበት መንገድ ሁሉ ከፖርቱ እስከ ዲስኩ ይዘርጉት፤ ከዚያ ክሩን በማስመሪያ ይለኩና ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ይጨምሩበት። ጭማሪው የሚያስፈልገው ኬብሉ በጫፎቹ አጠገብ ለስለስ ብሎ እንዲታጠፍ ነው። ተወጥሮ የተሰካ ኬብል የዲስኩን መሰኪያ ቀንና ሌሊት ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፤ ዲስኩ ሲንቀጠቀጥና ኬዙ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከቦታው ቀስ እያለ ይላቀቃል። በሌላ በኩል ከሚያስፈልገው በ40 ሴንቲሜትር የረዘመ ኬብል የሚተኛበት ቦታ ስለማይኖረው ይጠቀለላል፣ በማራገቢያው ፊት ይጋረዳል፣ ወይም የኬዙ ክዳን ሲዘጋ ይጨፈለቃል።

አጭር ኬብልን በሌላ ኬብል ለማስረዘም የሚሸጡ መቀጠያዎች አሉ። አልመክራቸውም። ሲግናሉ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ የተወሰነ ጉልበት ያጣል፣ ከፊሉም ወደ መጣበት ይንጸባረቃል፤ አንድ ተመጣጣኝ ኬብል መግዛት ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያድናል። እንዲሁም የኬዝ ውስጥ ኬብልን በኬዙ ቀዳዳ አውጥቶ ውጭ ካለ ዲስክ ጋር ማገናኘት ስህተት ነው። ለውጭ ግንኙነት የታሰበው ኢሳታ የተለየ የጫፍ ቅርጽ፣ ጠንካራ መከለያና እስከ 2 ሜትር የሚሄድ ርዝመት አለው፤ የሚሄደውም ኬብሉ ስለተለየ ብቻ ሳይሆን በሁለቱ በኩል ያሉት መሣሪያዎች የሲግናል መጠን ለዚያ ስለተስተካከለ ነው።

የጫፎቹ አቅጣጫና አያያዝ

ከሁሉም ይልቅ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የተመለሱ ኬብሎች ቢቆጠሩ አብዛኞቹ የሚመለሱት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የሳታ ኬብል ጫፍ ቀጥ ያለ ወይም በ90 ዲግሪ የታጠፈ ሊሆን ይችላል፤ የታጠፈውም ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚታጠፍ አለው። አቅጣጫው የሚለካው ከኤል ምላሱ አንጻር ሲሆን፣ አንዱ ሻጭ ወደ ላይ የሚለውን ሌላው ወደ ታች ሊለው ስለሚችል በስሙ ብቻ መተማመን አይገባም። ሥዕሉን አጉልተው ይዩና የኤሉ አጭር ክንፍ በየት በኩል እንዳለ ከራስዎ ዲስክ ጋር ያመሳክሩ።

በማዘርቦርዱ በኩል የሚታዩት ነገሮች ሁለት ናቸው። ፖርቶቹ ወደ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ ከሆኑና ረጅም የግራፊክስ ካርድ በላያቸው የሚያልፍ ከሆነ፣ ቀጥ ያለ ጫፍ ከካርዱ ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ የታጠፈ ጫፍ ያስፈልጋል። ፖርቶቹ በማዘርቦርዱ ጠርዝ ላይ ወደ ጎን የሚያዩና ሁለት ሁለት እየሆኑ የተደራረቡ ከሆኑ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በአንዱ ላይ የተሰካ የታጠፈ ጫፍ የሌላውን አፍ ስለሚሸፍን፣ በዚያ በኩል ቀጥ ያለውን ይምረጡ።

በዲስኩ በኩል ወሳኙ ነገር ከዲስኩ ጀርባ እስከ ኬዙ ግድግዳ ያለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ጠባብ ሆኖ ሳለ ቀጥ ያለ ኬብል ከተሰካ ክዳኑ ሲገጠም ኬብሉ ከጫፉ ሥር በኃይል ይሰበራል፤ ይህ ኬብልን ቶሎ ከሚገድሉ ነገሮች ሁሉ የከፋው ነው። ጣትዎን በክፍተቱ ውስጥ ያስገቡ፤ ሁለት ጣት ጎን ለጎን ካልገባ የታጠፈ ጫፍ ይፈልጉ። ነገር ግን ዲስኮቹ አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩ ከሆኑ፣ ወደ ታች የሚታጠፈው ኬብል የታችኛውን ዲስክ መሰኪያ እንዳይጋርድ፣ ወደ ጎን የሚታጠፈው ደግሞ አጠገቡ ካለው የኤሌክትሪክ ጫፍ ጋር እንዳይገፋፋ አስቀድመው ያስቡ። አንዱ ጫፍ ቀጥ ያለ፣ ሌላው የታጠፈ የሆነ ኬብል በብዙ ኬዞች ውስጥ ይስማማል፤ የሳታ ኬብል ሁለቱ ጫፎች በሥራቸው እኩል ስለሆኑም የታጠፈውን በፈለጉት በኩል መሰካት ይቻላል።

የብረት መቆለፊያ ያለውን ኬብል ይምረጡ። መቆለፊያው ሲሰካ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ኬዙ ሲንቀሳቀስም ኬብሉ አይወጣም። አንዳንድ የቆዩ ዲስኮችና ፖርቶች መቆለፊያው የሚይዝበት ጠርዝ ስለሌላቸው ድምፁ አይሰማም፣ አያያዙም ሊላላ ይችላል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ያለ መቆለፊያ የተሠራውና በውስጡ ባሉ ጉብታዎች ጠብቆ የሚይዘው የድሮ ዓይነት ኬብል ይሻላል። ኬብሉን ሲነቅሉ መቆለፊያውን በጣትዎ ጫን አድርገው፣ ገመዱን ሳይሆን ጫፉን ይዘው፣ ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ወደ ጎን እያወዛወዙ የነቀሉ እንደሆነ በዲስኩ ላይ ያለው የኤል ምላስ ይሰበራል፤ ይህ ጉዳት ደግሞ በኬብሉ ላይ ሳይሆን ውድ በሆነው ዲስክ ላይ የሚደርስ ነው። የኬዝ ውስጥ ኬብል ጫፍ በደንቡ የተሠራው ወደ 50 ጊዜ ያህል እንዲሰካና እንዲነቀል ታስቦ መሆኑንም ያስታውሱ፤ ዲስክ በየጊዜው የሚያፈራርቅ ሰው ኬብሉን ማሰንበት የለበትም።

የኬብሉ አሠራር

በአንድ የሳታ ኬብል ውስጥ 7 መስመሮች አሉ፤ አራቱ ሁለት ሁለት ሆነው ዳታውን ይወስዳሉና ይመልሳሉ፣ ሦስቱ በመካከላቸውና በዳሮቹ የሚሄዱ፣ ግራውንድ የሚባሉ ዳታ የማይሸከሙ መስመሮች ናቸው። ጥንዶቹ ሽቦዎች በመካከላቸው ያለው ርቀት ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መሆን አለበት፤ ኬብሉ እንደ ወረቀት ከታጠፈ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ ታንቆ ከታሰረ ይህ እኩልነት ይፈርሳል፣ ሲግናሉም በዚያ ቦታ ይዛባል። ከላይ ሲታይ ምንም ጉዳት የሌለው ኬብል ውስጡ የተጎዳ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ኬብሉን በሰፊው ያጉብጡት እንጂ አይጠፉት፤ ሲያስሩም በመካከሉ ጣት ሊገባ በሚችል ልክ ይሁን።

በአንዳንድ ኬብሎች ልባስ ላይ የሽቦው ውፍረት በቁጥር ታትሞ ይገኛል፤ በዚህ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል፣ ስለዚህ 26 ከ30 ይወፍራል። ለግማሽ ሜትርና ከዚያ ለሚረዝም መንገድ ወፍራሙ ይመረጣል፤ ለአጭር መንገድ ግን ቀጭኑ በቂ ከመሆኑም በላይ ለስላሳ ስለሆነ ጫፎቹን አያስጨንቅም። በጨርቅ የተሸፈኑና ክብ ሆነው የተሠሩ ኬብሎች ለዓይን ያምራሉ፤ ከጠፍጣፋዎቹ በተሻለ ዳታ ይሸከማሉ ማለት ግን አይደለም። በወርቅ ስለመለበጡ የሚነገረውም ብዙ ሊያሳስብዎት አይገባም፤ ከወርቁ ይልቅ ጫፉ ከገመዱ ጋር የተያያዘበት ቦታ በደንብ የታሸገ መሆኑን፣ ሲይዙትም የማይንቀጠቀጥ መሆኑን ይፈትሹ።

ቀለሙ በሳታ ምንም ትርጉም የለውም። ቀዩም፣ ጥቁሩም፣ ሰማያዊውም አንድ ናቸው። ብዙ ዲስክ ላለው ሰው ግን የተለያየ ቀለም መግዛት ብልህነት ነው፤ አንድ ዲስክ ሲበላሽ የትኛው ኬብል ወደ የትኛው ፖርት እንደሚሄድ በእጅ መከታተል አያስፈልገውም። ከአዲስ ማዘርቦርድ ጋር በሣጥኑ ውስጥ የሚመጡት ኬብሎች አብዛኛውን ጊዜ ደህና ናቸው፤ ርዝመታቸውና ጫፋቸው ከተስማማ ሌላ መግዛት አያስፈልግም።

ሰፊው የድሮ ኬብል

ከሳታ በፊት የነበረው አይዲኢ ያለው ኮምፒውተር አሁንም በየቦታው አለ፤ በተለይ ከአሮጌ ዲስክ ላይ ፎቶና ሰነድ ለማውጣት የሚፈልግ ሰው ያገኘዋል። ኬብሉ እንደ ሪባን ሰፊ ሲሆን ጫፉ ባለ 40 ፒን ነው። የሽቦዎቹ ቁጥር ግን ሁለት ዓይነት ነው፦ 40 ወይም 80። ተጨማሪዎቹ 40 ሽቦዎች ግራውንድ ሲሆኑ፣ በሰከንድ ከ33 ሜጋባይት ለሚበልጥ ፍጥነት፣ ማለትም እስከ 133 ሜጋባይት ለሚደርሱት ዲስኮች፣ ባለ 80 ሽቦው የግድ ነው። ሪባኑን ሲያዩት መስመሮቹ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያሉ ከሆኑ ባለ 80 ነው። እዚህ ላይ ቀለም ትርጉም አለው፤ ሰማያዊው ጫፍ ወደ ማዘርቦርድ፣ ጥቁሩ ወደ ዋናው ዲስክ፣ በመካከል ያለው ግራጫ ወደ ሁለተኛው ዲስክ ይሰካል። አንድ ዲስክ ብቻ ካለ በመካከሉ ሳይሆን በመጨረሻው ጥቁር ጫፍ ላይ ይሁን፣ ተንጠልጥሎ የሚቀር የኬብል ጭራ ሲግናሉን ስለሚያንጸባርቅ። በዳር ያለው ባለ ቀለም መስመር ፒን 1ን ያመለክታል፤ የኬብሉ ርዝመት በደንቡ ከ46 ሴንቲሜትር አይበልጥም። የድሮ ላፕቶፕ ዲስኮች ባለ 44 ፒን ስለሆኑ ይህ ኬብል ያለ አዳፕተር አይገባላቸውም።

በአንድ ካርድ ብዙ ዲስክ

አራት፣ ስምንትና ከዚያ በላይ ዲስክ የሚያስገቡ ሰዎች በአንድ በኩል አንድ ሰፊ ጫፍ፣ በሌላው በኩል አራት የሳታ ጫፎች ያሉትን ቅርንጫፋም ኬብል ይጠቀማሉ። ሰፊው ጫፍ በቆዩ ካርዶች ላይ ኤስኤፍኤፍ-8087፣ በአዲሶቹ ላይ ደግሞ ኤስኤፍኤፍ-8643 የሚባለው ነው፤ ሁለቱ ቅርጻቸው ስለማይገጥም የካርዱን ዓይነት አረጋግጦ መግዛት ያስፈልጋል። ከዚህ የሚከፋው ወጥመድ ግን በዓይን የማይታየው ነው። ሰፊው ጫፍ በካርዱ ላይ፣ አራቱ በዲስኮች ላይ የሚሰኩበት ኬብል እና አራቱ ጫፎች በማዘርቦርዱ የሳታ ፖርቶች ላይ፣ ሰፊው ደግሞ ዲስኮቹን በሚይዘው ባክፕሌን ላይ የሚሰካበት ኬብል መልካቸው አንድ ሆኖ ውስጣዊ የሽቦ አቀማመጣቸው የተለያየ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ቢሰኩት ምንም አይቃጠልም፤ አንድም ዲስክ ግን አይታይም። ሲገዙ ካርዱ በየትኛው በኩል እንዳለ ለሻጩ በግልጽ ይንገሩ።

የኤሌክትሪኩን ኬብል በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር፣ ጉዳዩ ከዳታ ውጭ ቢሆንም ከዳታ ኬብል ይልቅ ዲስክን የሚያጠፋው እሱ ነውና። ኬብሎቹ የሚነቀሉለት ፓወር ሰፕላይ ካለዎት፣ ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ኬብል በጭራሽ አይሰኩበት። በዲስኩ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ዓይነት ቢሆንም በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የፒኖች አቀማመጥ ወጥ ደንብ የለውም፤ 5 ቮልት ሊመጣበት በሚገባው ፒን 12 ቮልት ከመጣ ዲስኩ በቅጽበት ይሞታል።

መሰካትና ማረጋገጥ

ኮምፒውተሩን ይዝጉ፣ የግድግዳውን ሶኬት ይንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው በውስጥ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጡ፤ የኬዙን ብረት ነክተው በሰውነትዎ ላይ ያለውንም ኤሌክትሪክ ካፈሰሱ በኋላ ሥራውን ይጀምሩ። መጀመሪያ በዲስኩ በኩል፣ ቀጥሎ በማዘርቦርዱ በኩል ይሰኩ። ሁለት ዲስኮች ኬብላቸውን ቢለዋወጡ በውስጣቸው ያለው ፋይል አይነካም፤ ኮምፒውተሩ የሚነሳበት ቅደም ተከተል ግን ሊለወጥ ስለሚችል ዊንዶውስ አልነሳ ቢልዎት ሳይደናገጡ ባዮስ ወደሚባለው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ ገብተው ቅደም ተከተሉን ያስተካክሉ።

ዲስኩ ታየ ማለት ኬብሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ክሪስታልዲስክኢንፎን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም ሲከፍቱ የዝውውር ዓይነት በሚለው መስመር ላይ ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ፤ የመጀመሪያው አሁን እየተሠራበት ያለው ፍጥነት፣ ሁለተኛው ዲስኩ የሚችለው ነው። ሁለቱም 600 ካሉ ጥሩ ነው። የመጀመሪያው 300 ወይም 150 ሆኖ ሁለተኛው 600 ከሆነ ወይ ፖርቱ የቆየ ትውልድ ነው፣ ወይም ኬብሉ አልቻለም፤ የትኛው እንደሆነ የማዘርቦርዱ መመሪያ ይነግርዎታል።

ከዚያ ስማርት በሚባለው የዲስኩ የጤና መዝገብ ውስጥ ቁጥር 199ን ይፈልጉ። ይህ በኬብሉ ላይ ሲተላለፍ ተበላሽቶ የተገኘውን ዳታ የሚቆጥር የሲአርሲ ስህተት ቆጣሪ ሲሆን፣ ስለ ኬብል ከማንኛውም ማሸጊያ ይልቅ እውነቱን የሚናገረው እሱ ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ቁጥሩን በአሥራ ስድስት መሠረት ስለሚጽፉት ሲ7 ተብሎም ሊገኝ ይችላል። በወረቀት ላይ ይመዝግቡት፣ ብዙ ጊጋባይት የሚሆን ፋይል ከዲስኩ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ፣ ከዚያ ቆጣሪውን እንደገና ይዩት። ካልጨመረ ኬብሉ ደህና ነው። ቆጣሪው በልማድ ወደ ዜሮ ስለማይመለስ፣ አዲስ ኬብል ከሰኩም በኋላ የቀድሞው ቁጥር እንዳለ ይቀመጣል፤ የሚያሳስበው ቁጥሩ መኖሩ ሳይሆን እያደገ መሄዱ ነው። እኔ ራሴ በዚህ ቆጣሪ ላይ ብዙ መቶ ስህተት ያየሁበትን ሃርድ ዲስክ ሞቷል ብዬ አስወግጄ ለወራት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ በኋላ በሌላ ኬብል ስሰካው ቁጥሩ በአንድም አልጨመረም።

በተቃራኒው ቁጥር 5 እና ቁጥር 197 የዲስኩን የራሱን የተበላሹ ቦታዎች የሚቆጥሩ ናቸው። እነሱ እያደጉ ከሆነ የቱንም ያህል ጥሩ ኬብል ቢገዙ የሚለወጥ ነገር የለም፤ ጊዜ ሳያጠፉ ፋይልዎን ወደ ሌላ ዲስክ ያሽሹ።

199 ቁጥር ማደጉን ከቀጠለ አንድ በአንድ መለየት ነው። መጀመሪያ ኬብሉን ብቻ ይቀይሩና ያንኑ ፋይል እንደገና ይገልብጡ። ካልተሻለው ኬብሉን ሳይቀይሩ ወደ ሌላ ፖርት ያዛውሩት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከቀየሩ ጥፋቱ የማን እንደነበር አያውቁም። ሁለቱም ተቀይረው ቆጣሪው ካደገ የዲስኩ መሰኪያ ወይም የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ ይጠረጠራል፤ ስለዚህ ዲስኩን በሌላ የኤሌክትሪክ ጫፍ ይሞክሩት። ጥፋቱ የኬብሉ መሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ ወደ ኬብል ማጠራቀሚያው ሣጥን አይመልሱት፤ ከሌሎቹ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ መለየት ስለማይቻል መሃሉን በመቀስ ቆርጠው ይጣሉት።